የእትዬ ሰገነት ፊርማ

ሰርካዲስ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው ሲባል የሰሙ ሰዎች ሁሉ ልጇን ሮሃን መስሏቸው እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ሮሃ ያኔ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የምትገባው እናቲቱ መሆኗን፣ ያውም ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ልትማር መሆኑን ሲያውቁ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ምን ነክቶሽ ነው አላት። አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፈገግ ብላ አለፈችው።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። አንዱ ሕግ ነው፤ ሲጨርሱት ለጠበቃነት የሚያበቃ። ሌላው ሶሻል ወርክ ነው፤ የተቸገረን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ችግሩን ከነምክንያቱ ተረድቶ የመደገፍ ሙያ። ለየብቻ ቢማሯቸው አምስት ዓመት ይፈጃሉ። አጣምሮ ለሚማር አራት ዓመት ይበቃዋል።

ለምን ሁለቱንም ለሚላት ሰው ሰርካዲስ የጋሼ ወርቅነህን ነገር ታነሳ ነበር። ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር፣ ደንበኞች የገዙትን ዕቃ በሚመልሱበት መስኮት ለአሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። እዚያ መስኮት ላይ የቆመ ሰው በደረሰኝ ጀርባ የተጻፈችውን ደቃቅ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይለምዳል። እንግሊዝኛዋ ከሌላው አይበልጥም ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ታነባለች ተብሎ ወሬው ስለተዛመተ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። ጋሼ ወርቅነህም አንድ ቀን እንዲሁ መጡ። ደብዳቤው ቀላል ነበር፤ በሃያ ደቂቃ መልሱን ጻፈችላቸው። ሰውየው ግን አልተነሱም። አንድ ሰዓት ተቀመጡ፣ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ደብዳቤው የተጻፈው ለባለቤታቸው ነበር፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከሞቱ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ያን ቀን ሰርካዲስ የገባት ነገር ቢኖር፣ ወረቀቱ የሚፈልገው ሰውና ጋሼ ወርቅነህ የሚፈልጉት ሰው ሁለት መሆናቸው ነው። እሷ ደግሞ ሁለቱንም መሆን ፈለገች።

የመጀመሪያ ዲግሪዋን አንድ ሁለት ኮርስ እየወሰደች በዘጠኝ ዓመት ጨርሳለች። ስለዚህ አራት ዓመት አላስፈራትም። ያስፈራት ክፍሉ ነው። ማክሰኞ ሕግ ትማራለች፤ እዚያ ነገር አታብዢ፣ ጉዳዩን የሚነካውን ብቻ ጠይቂ ይሏታል። ሐሙስ ሶሻል ወርክ ትማራለች፤ እዚያ ደግሞ አታቋርጪ፣ ሰውየው የሚለውን ሁሉ ይበል ይሏታል። ባሏ አሥራት፣ አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያው መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። እሱ ትምህርቷን የለካው በራሱ ሚዛን ነው።

"ማክሰኞ ማክሰኞ ትከራከሪኛለሽ፣ ሐሙስ ሐሙስ ታዳምጪኛለሽ" ይላታል። "እኔ ሐሙስን ወድጄዋለሁ።"

እየቀለደም ቢሆን ሽፍቱን ቀይሮ ጠዋት ሮሃን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነበር። የመደብሩ ኃላፊ ቅዳሜና እሑድን ለቅቃላት የሥራ ሰዓቷን በሚመቻት ቀን አደረገችላት። በፈተና ሰሞን ደግሞ የማኅበሯ ሴቶች ሳይነግሯት ተራ ገብተው፣ ወጥ በዕቃ በዕቃ አድርገው በረንዳዋ ላይ አስቀምጠውላት ይሄዱ ነበር። አንዳንዱን ዕቃ የማን እንደሆነ እስካሁን አላወቀችም። ሰርካዲስ እነዚህን ሰዎች ባሰበች ቁጥር የምታጠናበት ጉልበት ይመጣላታል።

እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው ነገሩ የመጣው።

ጠበቃ ለመሆን የሚማር ሰው እውቀቱ ብቻ አይበቃውም፤ ጠባዩም ይመረመራል። ረጅም ቅጽ ይሞላል፤ ከዚያ ሁለት ጠበቆች ቁጭ አድርገው ያነጋግሩታል። እነሱ ለዚህ ሙያ አይታመንም ካሉ፣ ምንም ያህል ቢማር ጠበቃ መሆን አይችልም። ሰርካዲስ ቅጹን እየሞላች የኖረችባቸውን ቤቶች፣ የሠራችባቸውን ቦታዎች ሁሉ ጻፈች። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ስለ ታማኝነትሽ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። እጇ ቆመ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እትዬ ሰገነት ዋይንላንድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ አራት ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ልጆች አሳድገው፣ ልጆቹም ሌላ ስቴት ገብተውባቸው ነው። በየዓመቱ መሞላት ያለበትን የኪራይ ቅጽ ሳይመልሱ ቀርተው፣ ቤቱን እንዲለቁ ፍርድ ቤት ተከሰሱ። ሰርካዲስ መልሱን ጻፈችላቸው። ከታች፣ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል መስመር ነበር፤ ባለጉዳዩ ራሱ የሚፈርምበት። የእትዬ ሰገነት እጅ ይንቀጠቀጣል። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ለታላቁ መፈረሙ እንደ መላላክ ነው፤ ውሃ አቀብዪኝ እንደማለት። ሰርካዲስ በእንግሊዝኛ ፊደል "ሰገነት" ብላ ፈረመች። ወረቀቱ ገባ፣ ዳኛው ጊዜ ሰጡ፣ እትዬ ሰገነት ቤታቸው ቀሩ። ማንም ምንም አላለም።

አሁን ግን ሰርካዲስ ያ ነገር ምን እንደሚባል ተምራለች። በሰው ስም፣ ለፍርድ ቤት በሚገባ ማረጋገጫ ላይ መፈረም ነው። ለአሥራት ስትነግረው የያዘውን ሹካ አስቀመጠ።

"ማን ጠየቀሽ?" አላት።

"ወረቀቱ ጠየቀኝ።"

አሥራት ብዙ ተከራከራት። ማንም እንደማያውቅ፣ የተጎዳ ሰው እንደሌለ፣ ይልቁንም አንዲት እናት ከጎዳና እንደተረፉ ነገራት። ሁሉም እውነት ነበር። ማክሰኞ ስላልነበረ ግን ሰርካዲስ አልተከራከረችም፤ ሰማችውና በማግስቱ ነገሩን ቅጹ ላይ ጻፈችው። ሰነዱን እንዳዘጋጀች፣ በእትዬ ሰገነት ስም እንደፈረመች፣ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ፣ በአምስት መስመር።

በትምህርት ቤቱ የነጻ ሕግ አገልግሎት ቢሮ የሚያሠሯት ፕሮፌሰር ሃርሞን ደግ ሴት ናቸው። ጽሑፉን አንብበው መልካም አድርገሻል አሏት። አንድ ነገር ግን አጥብቀው መከሯት፤ ጠበቆቹ ሴትየዋን ጠርተው ሊጠይቋቸው ስለሚችሉ፣ እስከዚያ ድረስ ስለ ወረቀቱ ከእሳቸው ጋር አንድም ቃል እንዳትነጋገር። ምስክሯን አስጠንታ ነው እንዳይባል።

ሰርካዲስ ሲነግሯት የምትሰማ ሰው ናት። ችግሩ፣ ከተነገራት አልፋ ሰማች። እሑድ እሑድ እትዬ ሰገነትን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው የምታደርሳቸው እሷ ነበረች፤ ረቡዕ ደግሞ ሐኪም ቤት የምትወስዳቸው እሷ። መኪና ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ እንዴት አፍ ይዘጋል? አንድ ቃል ቢያመልጣትስ? ስለዚህ ጭራሽ ቀረች። አሥራትን ላከች። ስልክ ሲደወልላት አታነሳም። እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ በኋለኛው በር ትወጣለች። ለሦስት ሳምንት።

አሥራትም ስለ ነገሩ እንዳይናገር አደራ ስላለበት፣ እትዬ ሰገነትን መኪናው ላይ ባሳፈረ ቁጥር ስብከት ከፍቶ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አሮጊቷ ታዲያ ይህን ሁሉ እያዩ ምን ይበሉ? ሰርካዲስ ትሸሻለች፣ ባሏ ዲዳ ሆኗል። በመሃሉ፣ ጠበቆች ስለ አንድ ወረቀት ሊጠይቋቸው እንደሚፈልጉ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ለጎረቤት አስነበቡት። ጎረቤትየዋም ሰርካዲስ ከትምህርቷ ልትባረር ነው አሉ፣ ብላ የሰማችውንም ያልሰማችውንም ጨመረችበት። እትዬ ሰገነት ያን ቀን ቁርጥ ውሳኔ ላይ ደረሱ። ለማንም አልተናገሩም።

ቀጠሮው በመጋቢት፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጨው በጨው በሆነበት ሰሞን ነበር። መሃል ከተማ፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ። ከሁለቱ ጠበቆች አንዱ ቀይና ግራጫ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላዋ ወጣት ሴት፣ የምትጽፍበትን ወረቀት ቀና ሳትል የምትሞላ። ሰርካዲስ የጻፈችውን በቃሏ ደገመችው። ከዚያ እትዬ ሰገነት ተጠሩ። ሰርካዲስ ከፈለገች ከኋላ ቁጭ ብላ መስማት እንደምትችል፣ ካልተፈቀደላት ግን እንዳትናገር ተነገራት።

አስተርጓሚው ሙሐመድአወል የሚባል የወሎ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ። እትዬ ሰገነትን "እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ" ብሎ ወንበር ሳበላቸው። አሮጊቷ ሰርካዲስን አይተው እንዳላዩ ሆነው አለፏት።

ሽማግሌው ጠበቃ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቁ።

"የኔ ነው" አሉ እትዬ ሰገነት። "በገዛ እጄ ነው የፈረምኩት። እሷ አጠገቤም አልነበረችም።"

ሙሐመድአወል ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሰርካዲስ ያንን ውሸት ሁለት ጊዜ ሰማችው። ሁለቱ ጠበቆች ተያዩ፤ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ እየዋሸች ነው። ወጣቷ ጠበቃ፣ ሰርካዲስ ራሷ ፈርሜያለሁ ብላ እንደጻፈች ለእትዬ ሰገነት አስነገረች።

"እሷ ልጅ ናት" አሉ እሳቸው ሳይደነግጡ። "ነገር ይምታታባታል።"

ይህ ሲተረጎም ሽማግሌው ጠበቃ ቀና ብለው፣ ፀጉሯ ከጆሮ ግንዷ ላይ መሸበት የጀመረውን ልጅ አዩ።

ሰርካዲስ ማክሰኞ የተማረችው መንገድ ፊቷ ወለል ብሎ ታያት። እትዬ ሰገነት ሐኪም ቤት በፈረሙ ቁጥር አይታለች፤ በአማርኛ ፊደል ነው የሚፈርሙት፣ መስመሩም ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን ፊርማ ጎን ለጎን አስቀምጡ ብትል፣ በሦስት ጥያቄ ነገሩ ያልቃል። እሷ እውነተኛ ሆና ትወጣለች። አሮጊቷ ደግሞ በባዕድ ሰው ፊት፣ በአስተርጓሚ አፍ፣ ውሸታም ይባላሉ። እጇን አነሳች።

እትዬ ሰገነትን ማነጋገር እንደምትፈልግ፣ የምትለው ሁሉ ጮክ ተብሎ እንዲተረጎም ጠየቀች። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ፈቀዱ። ሰርካዲስ ወንበሯን አምጥታ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ሦስት ሳምንት የጠፋሁት ጠልቼዎት አይደለም" አለቻቸው። "ስለዚህ ወረቀት እንዳላወራዎት ነው የተነገረኝ። ስለ ወረቀቱ ብቻ። እኔ ግን ፈርቼ ጭራሽ ቀረሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ ሰገነት ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ሰርካዲስም ዝም አለች። ሐሙስ የተማረችው ይህንን ነው፤ ዝምታ ሲመጣ አለመሽቀዳደም። ወጣቷ ጠበቃ መጻፏን አቁማ ቀና አለች።

"መጀመሪያ የታመምሽ መስሎኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ፣ ጠበቆቹን ረስተው። "በኋላ በኋለኛው በር ስትሸሺ አየሁሽ። አሥራትም እንደ መነኩሴ አርምሞ ይዟል። በኔ ጦስ ልጅቷን ሊያባርሯት ነው አልኩ።"

"ማንም አላባረረኝም። እውነቱን እንንገራቸውና የሚሉትን ይበሉ።"

"ቢያባርሩሽስ?"

"እርስዎን አስዋሽቼ ከምመረቅ ቢያባርሩኝ ይሻለኛል።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ወደ ሽማግሌው ጠበቃ ዞሩ። ይህ የማይገባዎት ከሆነ ጥፋቱ የኔ አይደለም በሚል ፊት ጀመሩ። ፊርማው የእሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ፈርሚልኝ ያሏት እሳቸው ናቸው። ሰርካዲስም ወዲያው አልፈረመችም።

"እምቢ ብላኝ ነበር" አሉ። "ሁለት ጊዜ። እርስዎ ነዎት መፈረም ያለብዎት ብላ እስክሪብቶውን አስያዘችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አላሳፈረኝም? ተቆጣኋት። እናትሽ ብሆን እንዲህ ታደርጊኛለሽ ወይ አልኳት። ያኔ ፈረመች። ፊቷ ጠቁሮ ነው የፈረመችው።"

ሙሐመድአወል ሁሉንም ሳያጎድል አስተረጎመ። ወጣቷ ጠበቃ የሰርካዲስን አምስት መስመር ጽሑፍ አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበች። እምቢ ማለቷ እዚያ ውስጥ የለም። ለምን እንዳልጻፈችው ጠየቀቻት። የሚጠቅምሽ እኮ እሱ ነበር አለቻት።

ሰርካዲስ ትንሽ አፈረች። የታላቅ ሰውን ቁጣ ጽፎ፣ በእሳቸው ምክንያት ነው ያጠፋሁት ማለት ጥፋትን ወደ እናት እንደ መግፋት እንደሚቆጠር በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከረች። ምን ያህል እንደገባቸው አላወቀችም። ሽማግሌው ጠበቃ ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አመልካች ጥፋቱን ሲያሳንስ እንጂ ማቅለያውን ሲደብቅ አይቼ አላውቅም አሉ። ፈገግ ብለው ነበር። ወጣቷ ጠበቃ አልሳቀችም። እሷ የያዘችው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የሁሉም ነገር መቋጫ እሱ እንደሆነ ሰርካዲስም ገብቷታል።

"ነገ ሌላ ታላቅ ሰው መጥተው ተቆጥተው ፈርሚልኝ ቢሉሽስ?"

"ይቆጡኛል" አለች ሰርካዲስ። "አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እጃቸው እስኪረጋ እጠብቃለሁ፤ ካልረጋም እንደተንቀጠቀጠ ይፈርማሉ። ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም እጠብቃለሁ። እኔ ግን አልፈርምም።"

ውሳኔው በደብዳቤ ይመጣል ተባሉ። እትዬ ሰገነት እስከ ሊፍቱ ድረስ የሰርካዲስን ክንድ ይዘው ሄዱ። መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን የሦስት ሳምንቱን በአንድ ጊዜ አወረዱባት። ረቡዕ አሥራት በዝግታ እየነዳ ቀጠሮ እንዳሳለፈባቸው፣ የስብከቱ ጩኸት ጆሯቸውን እንዳደነቆረው፣ ስልክ የማያነሳ ሰው ስልክ ለምን እንደሚገዛ። ሰርካዲስ እየነዳች ሁሉንም ሰማች። ስድብ እንደዚያ ቀን ጥሟት አያውቅም።

ደብዳቤው በአምስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ቀን መጣ። የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። ለአሥራት ደወለች፤ መንገደኛ እያመላለሰ ስለነበር አላነሳም። ለፕሮፌሰር ሃርሞን ደወለች፤ እሳቸው አንስተው፣ እስኪ ድገሚልኝ አሏት። ከዚያ መኪናዋን አስነስታ በቀጥታ ዋይንላንድ ፓርክ ሄደች።

እትዬ ሰገነት ማጠቃለያውን ሊሰሙ አልፈለጉም። ከላይ ጀምረሽ አንብቢው፣ አንድ ቃል እንዳትዘዪ አሏት። ሰርካዲስ ሶፋው ላይ ጎናቸው ተቀምጣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። በትምህርቷ እንድትቀጥል መፈቀዱን፣ ጠባይዋም ለሙያው የተገባ ሆኖ መገኘቱን ይገልጻል። ቀጥሎ ደግሞ ጠንከር ያለ ተግሣጽ አለው። የተፈጸመው ስሕተት ቀላል አለመሆኑን፣ ከእንግዲህ የሰው ሰነድ ስታዘጋጅ በጠበቃ ቁጥጥር ሥር ብቻ እንዲሆን፣ ባለጉዳዮችም በእሷ ላይ ጫና እንዳያደርጉ ታስረዳቸው ዘንድ ያሳስባል። ይህንንም ሳትዘል አነበበችው።

"እንግዲህ እኔንም ተቆጥተውኛል ማለት ነው" አሉ እትዬ ሰገነት።

"ሁለታችንንም ነው፣ እትዬ።"

"ደግ አደረጉ።"

ሰርካዲስ ደብዳቤውን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ስለ አሥራት አሰበች፤ በየጠዋቱ ሮሃን ስለሚያደርሰው። ስሟን እንኳን ሳትነግራት በረንዳዋ ላይ ወጥ አስቀምጣ ስለምትሄደው ሴት አሰበች። አንዲትም ቃል ሳያጎድል ስላስተረጎመው ሙሐመድአወል። ያንን ከባድ ጥያቄ ስለጠየቀቻት ወጣት ጠበቃ። ከሁሉም ይልቅ ግን፣ አጠገቧ ስለተቀመጡት፣ ለእሷ ብለው ሊዋሹ ቆርጠው ለእሷ ብለው እውነቱን ስለተናገሩት ሴት። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

ስልኳ ጮኸ። አሥራት ነው። ልታነሳው ስትል እትዬ ሰገነት ከእጇ ወስደው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

"አሥራት" አሉት፣ ሰላም ሳይሉት። "አልፈናል።"